በስርቆሽ በር ስለሚገባ አየር

የመኪና ሞተር መታመሙን ከሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው መኪናዪቱ ቆማ ሳለች ነው። በሩጫ ጊዜ ጉልበቱ ጉድለቱን ይሸፍንለታል፤ በገበያ መካከል ወይም በመንገድ ዳር ስትቆም ግን ሞተሩ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል፣ መሪውንና መስተዋቱን ያርገበግባል፣ አንዳንድ ጊዜም ትንፋሹ ቀጥ ይላል። ባለቤቱ ወደ ጋራዥ ይወስዳታል፤ ሠራተኛው በካቻቢቴ አንዲት ብሎን ጠምዘዝ ሲያደርጋት ሞተሩ ድምፁን ከፍ ያደርግና መንቀጥቀጡ ይተዋል። ባለቤቱም አመስግኖና ከፍሎ ይሄዳል። በሽታው ግን አልተነካም፤ የተደረገው ነገር በሽተኛውን ዝም ማሰኘት ብቻ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የተባለው ለሰው ቢሆንም ለሞተርም ይሠራል።

በዚህ ወር ስለዚህ ነገር እንድንጽፍ ያነሣሡን ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በቤተሰብ እጅ ያለችው አሮጌ መኪና ከታሰበላት ዕድሜ በላይ ማገልገል ግድ ሆኖባታል። ልጆችን ትምህርት ቤት የምታደርስ፣ በሽተኛን በሌሊት ሐኪም ቤት የምትወስድ፣ ለመስከረም 21 ቀን አሮጊቶችንና ሽማግሌዎችን ወደ ግሸን መንገድ የምታቀና እርስዋው ናትና ጤንነትዋ የቤቱ ሁሉ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛውና ዋነኛው ምክንያት የአገራችን መሬት ነው። በጦሳ ተራራ ሥር ያለችው ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ በቦርከና ሸለቆ ያለችው ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በሐረጎ በኩል እየተጠማዘዘ ከ600 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ይወርዳል። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ ከላይ የተናገርነው በሽታ በሞተሩ ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ ወደ ፍሬኑም ይተላለፋል። እንዴት እንደሚተላለፍ ኋላ እናሳያለን። አስቀድሞ ግን ሞተር ቆሞ ሳለ እንዴት እንደሚተነፍስ መረዳት ያስፈልጋል።

በካርቡራተር የሚሠራ የቤንዚን ሞተር 1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ ያነድ ዘንድ 15 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል። ካርቡራተር የተባለው ዕቃ ሥራው እነዚህን ሁለቱን በልክ ማገናኘት ነው። ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሣ በካርቡራተሩ ጉሮሮ ውስጥ ያለችው የአየር በር ልትዘጋ ጥቂት ይቀራታል፤ ሞተሩም በደቂቃ ከ700 እስከ 900 ጊዜ ያህል እየዞረ በዝግታ ይሠራል። ሜካኒኮቻችን ይህን ሁኔታ ከጣሊያንኛ በወረሱት ቃል «ሚኒሞ» ይሉታል።

በዚህ ጊዜ ፒስተኖቹ አየር ለመሳብ ወደ ታች ሲወርዱ በሩን ተዘግቶ ያገኙታል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከበሩ በስተውስጥ፣ ማኒፎልድ በሚባለው አከፋፋይ ቧንቧ ውስጥ፣ አየር የጎደለበት ባዶ ይፈጠራል፤ ቫኪዩም የሚባለው ይህ ነው። ሕፃን ልጅ የጠርሙስ አፍ በከንፈሩ ይዞ በውስጡ ያለውን አየር ሲመጥ ከንፈሩ ተጣብቆ እንደሚያዝ ያለ ኀይል ነው። መኪናውን የሠሩት ሰዎች ይህን የመምጠጥ ኀይል በከንቱ አልተዉትም፤ በቀጫጭን የላስቲክ ቱቦዎች እየወሰዱ ለልዩ ልዩ ሥራ አውለውታል።

እንግዲህ በማኒፎልዱ መጋጠሚያ ወይም ከእርሱ በሚነሡት ቱቦዎች ላይ ሽንቁር ቢገኝ፣ የውጭው አየር በዋናው በር ሳያልፍ በስርቆሽ በር ይገባል። ካርቡራተሩ ይህን አየር ስላልለካው ቤንዚን አይመድብለትም። ድብልቁ ይሳሳል፤ የሳሳ ድብልቅም በአንዱ ሲሊንደር ሲነድ በሌላው ሳይነድ ያልፋል። መንቀጥቀጡ የሚመጣው ከዚህ የተነሣ ነው። ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ ግን ዋናው በር ይከፈትና ብዙ አየር በወጉ ይገባል፤ በሽንቁሩ የሚገባው ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ስለሚሆን ሞተሩ የዳነ ይመስላል። ቆሞ እየተንቀጠቀጠ ሲሮጥ የሚስተካከል ሞተር ባየን ጊዜ ስርቆሽ አየርን እንድንጠረጥር የሚያደርገን ይህ ነው።

የደሴ ሰው ግን «ይህ የከፍታው ነገር ነው፤ በደሴ ሞተር ሁሉ ይደክማል» ሊለን ይችላል። አነጋገሩ እውነት አለበት፤ ይሁን እንጂ ሙሉ አይደለም። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1648 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል የእኅቱን ባል ሜርኩሪ የተሞላ የብርጭቆ ቱቦ አስይዞ ፒዊ ደ ዶም ወደሚባል ተራራ እንዲወጣ አደረገ። ሰውየው ከተራራው ራስ ላይ ሲደርስ ሜርኩሪው ከታች ከነበረበት ዝቅ ብሎ ተገኘ። በዚህም አየር ክብደት እንዳለውና ወደ ላይ በወጣን መጠን ግፊቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ ታወቀ። በባሕር ጠረፍ 76 ሳንቲ ሜትር ላይ የሚቆመው ሜርኩሪ በኮምቦልቻ ከፍታ ወደ 61፣ በደሴ ከፍታ ደግሞ ወደ 56 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል።

ስለዚህ ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ ካርቡራተር ወደ ደጋ ሲወጣ አየሩ ይሳሳበትና ቤንዚኑ ይበዛበታል። ይህ ግን ከስርቆሽ አየር ጋር ተቃራኒ የሆነ በሽታ ነው፤ ምልክቱም ይለያል። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጥሬ ቤንዚን ይሸታል፣ ካንዴላውም ተፈትቶ ሲታይ ጥላሸት ለብሶ ይገኛል። ስርቆሽ አየር የሚገባበት ሞተር ግን ጭሱ ጥቁር አይደለም፤ ካንዴላው ወደ ነጭነት ያደላል፣ በካርቡራተሩ በኩል አልፎ አልፎ «ጷ» እያለ ይተፋል፣ ኮፈኑ ሲከፈትም እባብ እንደሚያፏጭ ያለ «ስስስ» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ሁለቱ ከተሞቻችን ለዚህ ምርመራ ጥሩ መፈተኛ ናቸው። ጤነኛ ሞተር ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ቢወጣ ድብልቁ የሚዛባው ከመቶ 3 ወይም 4 እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ጥቂት ጉልበት ያጣል እንጂ ቆሞ አይንቀጠቀጥም። በደሴ የሚንቀጠቀጥ፣ በኮምቦልቻ ግን የሚሻለው ሞተር ቢኖር ቤንዚን እንደ በዛበት እንጠርጥር፤ የቆሸሸ የአየር ማጣሪያ ወይም ተጣብቆ የቀረ ቾክ ሊሆን ይችላል። በደሴ ደኅና ሆኖ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ የሚብስበት ቢሆን ግን፣ የደጋው የበዛ ቤንዚን የሽንቁሩን ጉድለት ሸፍኖለት ነበርና ስርቆሽ አየርን እንጠርጥር። ይህ ፍርድ ሳይሆን ፍንጭ ነው፤ ፍርዱ የሚሰጠው ቱቦዎቹ ከተመረመሩ በኋላ ነው።

ምርመራውን ከመጀመር በፊት የጥንቃቄውን ነገር እናስቀድም። መኪናዪቱ በሜዳ ላይ ትቁም፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፣ ማርሹ ፎሌ ላይ ይሁን፣ ለጎማውም ታኮ ይደረግለት። ሥራው በደጅ እንጂ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይሁን፤ በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ሰው ይገድላልና። የነጠላ ጫፍ፣ ከረባት፣ ሰፊ እጅጌ ከሚዞረው ቬንትሌተርና ከቀበቶው ይራቅ። ሕፃናት ከአጠገብ አይቁሙ። ሞተሩም እስኪሞቅ ድረስ ይሥራ፤ ብርድ በሆነበት የደሴ ጧት ገና ያልሞቀ ሞተር ቢንቀጠቀጥ አያስደንቅም።

ከዚያ ቀላሉን ማስቀደም ይገባል። የአየር ማጣሪያው ንጹሕ ነውን? ቾኩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቷልን? ካንዴላዎቹ ደኅና ናቸውን? የካንዴላ ገመዶቹ አልተሰነጠቁምን? ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ብቻ የማይሠራ እንደ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእሳቱ ወይም የቫልቩ ነው፤ አለዚያም ሽንቁሩ በዚያው ሲሊንደር አጠገብ ባለው የማኒፎልድ ጓርኒሲዮን ላይ ይሆናል። እነዚህ ሁሉ ደኅና ሆነው ሳለ መንቀጥቀጡ ካልተወ ወደ ቱቦዎቹ እንለፍ።

በመጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በዐይንና በእጅ መዳሰስ ነው። ላስቲክ በሞተር ሙቀትና በዘይት ተን ብዛት ይደርቃል፤ ጎበጥ ሲያደርጉት ይሰነጠቃል፣ ጫፉም ይሰፋና ከተሰካበት ይላላል። ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ፣ የዘይቱን ጋዝ ወደ ማኒፎልዱ የሚመልሰውን ቱቦ፣ ወደ ፍሬኑ የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመልከቱ። የቱቦ መሰኪያ ሆኖ ሳለ ምንም ያልተሰካበትና ክዳኑ የጠፋበት ቀዳዳ እንዳለም ፈልጉ፤ በብዙ እጅ ባለፈች መኪና ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

በሁለተኛ ደረጃ ሞተሩን አስነሥቶ ማዳመጥ ነው። አንድ ክንድ ያህል የላስቲክ ቱቦ ወስዳችሁ አንዱን ጫፍ ወደ ጆሮ አስጠግታችሁ ሌላውን ጫፍ በየመጋጠሚያው ዙሪያ አዘዋውሩ፤ ሐኪም የበሽተኛን ደረት እንደሚያዳምጥ ማለት ነው። ፉጨቱ በሽንቁሩ አጠገብ ጎልቶ ይሰማል። ቀጥሎም ቱቦዎቹን አንድ በአንድ፣ አፉ በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ለጥቂት ጊዜ ቆንጠጥ አድርጎ መያዝ ነው። አንዱ ሲያዝ የሞተሩ አዟዟር ከተለወጠና መንቀጥቀጡ ከቆመ ጥፋቱ በዚያው ቱቦ ወይም ቱቦው በሚደርስበት ዕቃ ላይ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ የጓርኒሲዮኖቹ ተራ ይመጣል። በካርቡራተሩ መቀመጫና በማኒፎልዱ ዙሪያ ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ በጥቂት በጥቂቱ መርጨት ይበቃል፤ ከእሳቱ ገመዶችና ከዲስትሪቢዩተሩ ግን ይራቅ። ውሃው ሽንቁሩን ለቅጽበት ሲደፍነው የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። አንዳንዶች በውሃ ፈንታ ቤንዚን በጠርሙስ ይዘው በጋለ ሞተር ላይ ያንጠባጥባሉ። እርግጥ ነው፣ ሽንቁሩ ቤንዚኑን ሲስበው ሞተሩ ድምፁን ይለውጣል፤ ነገር ግን ከጋለው ማርሚታ ወይም ከአንዲት የእሳት ብልጭታ የተነሣ መኪናዪቱም ሰውየውም ሊቃጠሉ ይችላሉ። በሳሙና ውሃ ሊታወቅ ለሚችል ነገር ሕይወትን መያዣ ማድረግ አይገባም።

የቫኪዩም መለኪያ ሰዓት ያለው ሜካኒክ ሥራው ይቀልለታል፤ የከፍታውን ነገር የማያውቅ ከሆነ ግን መሣሪያው ራሱ ሊያሳስተው ይችላል። የፈረንጅ መጻሕፍት ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ላይ ሳለ ከ17 እስከ 21 ኢንች ያሳያል ይላሉ። ይህ ለባሕር ጠረፍ የተነገረ ነው። ከፍታው በ300 ሜትር ያህል በጨመረ ቁጥር ከዚህ ላይ 1 ኢንች ያህል ይቀነሳል። ስለዚህ በኮምቦልቻ ከ11 እስከ 15፣ በደሴ ደግሞ ከ9 እስከ 13 ኢንች ቢያሳይ ሞተሩ ጤነኛ ነው። መርፌው ከዚህም ዝቅ ብሎ ሳይነቃነቅ ከቆመ ስርቆሽ አየር ወይም የዘገየ እሳት አለ ማለት ነው። በየጊዜው እኩል እየወደቀ የሚነሣ ከሆነ ግን ከቱቦ ይልቅ ቫልቭን መጠርጠር ይሻላል። ይህን ሒሳብ ሳያደርግ «መጽሐፉ 17 ይላል፣ የእናንተ 11 ነው» ብሎ ደኅናውን የደሴ ሞተር የሚፈታ ሰው የባለቤቱን ገንዘብ በከንቱ ያባክናል።

ሽንቁሩ ከተገኘ ጥገናው ብዙ ጊዜ ከፍለጋው ይቀልላል። የተሰነጠቀ ቱቦ በፕላስተር ወይም በላስቲክ ቁራጭ ተጠቅልሎ አይታደርም፤ ይለወጣል እንጂ። ወደ ፍሬን የሚሄደው ቱቦ ግን ለዚሁ ሥራ የተሠራ፣ በውስጡ ክር ያለበት ወፍራም ቱቦ መሆን አለበት፤ የአትክልት ማጠጫ ወይም ሌላ ስስ ቱቦ ቢገባ የመምጠጡ ኀይል ግድግዳውን አጣብቆ ይዘጋዋል። የማኒፎልድ ጓርኒሲዮን የሚለወጠው ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ብሎኖቹም ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር በየተራ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይጠብቃሉ። ሽንቁሩ ከተደፈነ በኋላ ደግሞ አስቀድሞ የተጠመዘዘችው የሚኒሞ ብሎን ወደ ስፍራዋ ትመለስ፤ ካልተመለሰች ሞተሩ ቆሞ ሳለ ይሮጣል፣ ቤንዚንም ይበላል።

አሁን በመጀመሪያ ወደ ተናገርነው ወደ ፍሬኑ ነገር እንመለስ። በብዙ የቤት መኪናዎች ላይ ከፍሬን መርገጫው ፊት፣ በሞተሩ ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ድስት የምታክል ክብ ቆርቆሮ ተሰክታ ትታያለች፤ ሜካኒኮች ሰርቮ ይሏታል። በውስጧ ሰፊ የላስቲክ ግድግዳ አለ። በአንዱ ወገን ከማኒፎልዱ የሚመጣው ቫኪዩም ይኖራል፤ ነጂው ፍሬን ሲረግጥ በሌላው ወገን የውጭው አየር ይገባና ላስቲኩን ይገፋዋል። የነጂውን እግር የሚያግዘው ይህ ግፊት ነው። ነጂው «ፍሬኔ ለስላሳ ነው» የሚለው ራሱ በረታ ማለቱ ሳይሆን አየር ስላገዘው ነው።

እገዛው ምን ያህል እንደ ሆነ እናስላው። የሰርቮው ወርድ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የላስቲኩ ስፋት 314 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ላይ ሳለ በማኒፎልዱ ውስጥ የሚቀረው የአየር ግፊት በየትም አገር 28 ሳንቲ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው እንበል። በባሕር ጠረፍ ከ76 ላይ 28 ሲቀነስ 48 ይቀራል፤ ይህም በላስቲኩ ላይ ከ200 ኪሎ የሚበልጥ ግፊት ይሰጣል። በኮምቦልቻ ከ61 ላይ 28 ሲቀነስ 33 ይሆናል፤ ግፊቱም 140 ኪሎ ያህል ነው። በደሴ ግን ከ56 ላይ 28 ሲቀነስ የሚቀረው 28 ብቻ ስለ ሆነ ግፊቱ 120 ኪሎ ያህል ይሆናል። እንግዲህ የደሴ ነጂ ምንም ነገር ሳይበላሽበት፣ ከባሕር ጠረፍ ነጂ ይልቅ ከግማሽ ጥቂት በሚበልጥ እገዛ ነው ቁልቁለቱን የሚጀምረው። በዚህ ላይ ስርቆሽ አየር ቫኪዩሙን ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ቢያወርደው የሚቀረው 64 ኪሎ ብቻ ነው። በሜዳ አገር የማይሰማ ጉድለት በሐረጎ ላይ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

ብሎን በመጠምዘዝ ሞተሩን ዝም ማሰኘት አደገኛ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ብሎኗ የአየሩን በር ከፈት ታደርጋለች፤ ሞተሩ በብርታት ይዞራል፣ መንቀጥቀጡም ይጠፋል። ሽንቁሩ ግን በስፍራው አለ፤ ቫኪዩሙም እንደ ጎደለ ነው። መንቀጥቀጡ ለባለቤቱ የተላከ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ተወግዶ አደጋው ቀረ ማለት ነው።

የሰርቮውን ጤንነት ማንም የቤተሰብ አባት ወይም እናት ያለ መሣሪያ፣ በ2 ደቂቃ ጊዜ ሊፈትን ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የፍሬኑን መርገጫ 5 ወይም 6 ጊዜ ርገጡት፤ እየጠነከረ ይሄዳል። ከዚያ እንደ ረገጣችሁ ሞተሩን አስነሡ። መርገጫው ከእግራችሁ ሥር ጥቂት ዝቅ ካለ ሰርቮው እየሠራ ነው፤ ካልተነቃነቀ እገዛ የለም። ሁለተኛው ፈተና ደግሞ እንዲህ ነው፦ ሞተሩን 1 ደቂቃ ያህል አሠርታችሁ አጥፉትና ፍሬኑን ርገጡ። ያለፈው ቫኪዩም ስለሚጠራቀም የመጀመሪያው ርግጫ ለስላሳ፣ ተከታዮቹ እየጠነከሩ የሚሄዱ መሆን አለባቸው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ድንጋይ ከሆነ ቱቦው ወይም በቱቦው ላይ ያለችው በአንድ ወገን ብቻ የምትከፈተው ቫልቭ ተበላሽታለች። ፍሬን በተረገጠ ቁጥር ሞተሩ የሚንቀጠቀጥና የሚያፏጭ ከሆነ ደግሞ በሰርቮው ውስጥ ያለው ላስቲክ ተቀድዷል፤ ያን ጊዜ መኪናዪቱ ሳትጠገን ወደ ቁልቁለት አትውጣ።

በቁልቁለቱም ላይ አነዳዱ ሊታሰብበት ይገባል። ቤንዚን ለመቆጠብ ብለው በፎሌ የሚወርዱ፣ አልፎ ተርፎም ሞተሩን አጥፍተው የሚንሸራተቱ ነጂዎች አሉ። ሞተሩ ከጠፋ በሰርቮው ውስጥ የተጠራቀመው ቫኪዩም ለሁለት ወይም ለሦስት ርግጫ ቢበቃ ነው፤ ከዚያ በኋላ የእግር ጉልበት ብቻ ይቀራል። መኪናዪቱ በከባድ ማርሽ ሆና፣ የነጂው እግር ከነዳጅ መስጫው ተነሥቶ ስትወርድ ግን ሞተሩ በተዘጋው በር ላይ በኀይል ስለሚስብ ቫኪዩሙ ይጨምራል። ስለዚህ ማርሽ በሁለት ወገን ይረዳል፤ ራሱ መኪናዪቱን ይይዛል፣ ፍሬኑንም ያግዛል። እገዛው በድንገት የተቋረጠበት ነጂ ቢኖር ደግሞ አይደንግጥ፤ ፍሬኑ ጨርሶ አልጠፋም፣ ጠነከረ እንጂ። እግሩን ሳያወላውል በሙሉ ኀይሉ ይርገጥ፣ ማርሹን ወደ ዝቅተኛው ያውርድ፣ የእጅ ፍሬኑንም ቀስ በቀስ ይሳብ፤ መሪው እንዳይቆለፍበት ግን ቁልፉን አይንቀል።

ይህ ሁሉ የተነገረው በካርቡራተር ስለሚሠሩ የቤንዚን መኪናዎች፣ ይልቁንም በየከተማችን ብዙ ስላገለገሉት እንደ ቶዮታ ዲኤክስ ስላሉት ነው። የቀድሞዎቹ ትናንሽ ቮልስዋገኖች በአብዛኛው ሰርቮ የላቸውምና የፍሬኑ ነገር አይመለከታቸውም፤ መንቀጥቀጡ ግን ያገኛቸዋል። የናፍታ ሞተር በአየር በር ስለማይታነቅ በማኒፎልዱ ይህን ያህል ቫኪዩም አይፈጥርም፤ ለፍሬኑ የሚሆነውን የሚያመጣለት ለብቻው የተሠራ ፓምፕ ነው። ስለዚህ ቆሞ ቢንቀጠቀጥ አስቀድሞ መታየት ያለበት የናፍታው መሥመርና ማጣሪያው ነው። በኮምፒዩተር የሚታዘዙት ኢንጀክሽን መኪናዎች ደግሞ ስርቆሽ አየር ሲገባባቸው ሚኒሞአቸው ከፍና ዝቅ ይላል፣ በነጂው ፊትም የሞተር ምልክት ያለበት መብራት ሊበራ ይችላል፤ የሽንቁሩ አፈላለግ ግን ከዚህ ብዙ አይለይም።

እንግዲህ ከጋራዥ መኪናችንን ስንረከብ «ተስተካክሏል» የሚለውን ቃል ብቻ ተቀብለን አንሂድ። «አየሩ የገባው በየት በኩል ነበር? የተለወጠውስ ዕቃ የት አለ?» ብለን በትሕትና እንጠይቅ። ሥራውን የሚያውቅ ሜካኒክ በዚህ ጥያቄ አይቈጣም፤ የተሰነጠቀውን ቱቦ አንሥቶ ያሳያል፤ የሚያሳየው ከሌለው ደግሞ ብሎኗ ብቻ እንደ ተጠመዘዘች እንረዳለን። ቤተሰብ ጭነን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ከመውረዳችን በፊትም የፍሬኑን ፈተና ገና ከደጃችን ሳንነቃነቅ እናድርግ፤ የሚነዱ ልጆቻችንንም እናስተምራቸው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ የአንዲት ክንድ ቱቦ ዋጋ ከሚያስከትለው ጉዳት ጋር ሲተያይ እጅግ ትንሽ ነውና።